ሽሮው ውስጥ የገባው ዓሣ

ሰቆጣ መናኸሪያ ጀርባ፣ ቆርቆሮዋን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነባት አንዲት ምግብ ቤት አለች። ምግብ ቤት መባሏ ለማክበር ነው እንጂ ያለው ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ምድጃና የባለቤቲቱ የባንቺ አፍ ነው። ባንቺ ስትሸጥ በአማርኛ ትናገራለች፣ ስትናደድ ወደ ኽምጣኛ ትገባለች፤ ሁለቱንም የሚሰማ ደንበኛ የምሳውን ግማሽ በጆሮው ይበላል። ሰው የሚመጣው ለሽሮዋ ነው ቢባልም፣ አንዳንዱ ሳይሰደብ ከዋለ ቀኑ የጎደለበት ይመስለዋል።

ስለ ባንቺ ቤት ሲነሳ ስለ ካርቶኑ ሳይነገር አይታለፍም። አንድ ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምስራቅ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ስለ ምግብ አስተማረች። ምግብ ኃይል ሰጪ አለው፣ በሽታ ተከላካይ አለው፣ ገንቢ አለው አለች። ገንቢ የሚባለው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር መሆኑን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕልም ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ሴቶቹ ሥጋው ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ባንቺ ከኋላ ሆና፣ «ልጄ፣ ሥዕሉን ቆርሰሽ ታድዪናለሽ ወይስ ተሳልመን እንሂድ?» አለቻት።

ምስራቅም ለነገር የምትተኛ ልጅ አይደለችም። «እትዬ ባንቺ፣ እርስዎ ሽሮዎን አያቅጥኑት እንጂ ሥጋው ይቅርብዎ» አለች። «ባቄላና ሽንብራ ከእንጀራ ጋር በደንብ ከተበላ ይገነባል። ዋናው መጥገብ ብቻ አይደለም፣ በምን እንደጠገቡ ነው።»

ባንቺ ስለ ሽሮዋ የተባለውን በልቧ ያዘች፤ «ገንቢ» የምትለዋን ቃል ግን ወደደቻት። በነጋታው ካርቶን ላይ «ገንቢ ምግብ አለ» የሚል አስጽፋ በሯ ላይ ሰቀለች። አጠገቧ ፎቅ ይሠራ ነበርና ግንበኞቹ ጽሑፉን አንብበው ለእነሱ ተብሎ የተከፈተ ቤት መሰላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ሲሚንቷቸውን ሳያራግፉ ተግተልትለው ገቡ። አንድ አናጢ ተከትሏቸው ሊገባ ሲል «አንተ ገንቢ አይደለህም፣ የአናጢውን ቤት ፈልግ» ብለው ከበር መለሱት። ባንቺ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አናጢውን በጓሮ በር አስገባችው። እስከ ዛሬም ያረማቸው ሰው የለም።

ባንቺ ተወልዳ ያደገችው ዝቋላ ቆላ ውስጥ ነው፤ ማሽላና ፍየል ባለበት፣ ዝናብ ደስ ሲለው ብቻ በሚመጣበት አገር። በልጅነቷ ተድራ ሰቆጣ ገባች፤ ባሏም አንድ ልጅ ጥሎላት ሞተ። «ሰነፍ ነበር፤ መሞቱን ብቻ ነው ቶሎ የጨረሰው» ትላለች ሲጠይቋት። ሙት ዓመቱን ግን አንድም ጊዜ ረስታ አታውቅም። ልጇን አንዷለምን ንፍሮ እየቀቀለች፣ ቆሎ እየቆላች አሳደገችው። ሥጋ ለዓመት በዓል ነው፤ እንቁላል ከተገኘም ገበያ ይወጣል እንጂ ድስት አይገባም። በቀረው ቀን ሁሉ ባቄላና ሽንብራ ነበር። ልጁ ግን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎረምሳ ወጣው። ባንቺም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም «ይኼ ባቄላ ነው» እያለች ታሳያለች።

ዝቋላ የቀረው ወንድሟ ምንዋጋው ደግሞ ተከዜ ተገድቦ ውሃው ወደ ኋላ ሲተኛ የፍየል ማሰማሪያው ተዋጠበት። ቁጭ ብሎ አላለቀሰም። «ውሃው የፍየሎቼን ሣር ከበላ እኔም የእሱን ልጆች እበላበታለሁ» ብሎ መረብ ገዛና ዓሣ አጥማጅ ሆነ። የተረፈውን አድርቆ ሰቆጣ ገበያ ቢያመጣው ግን ገዢ ጠፋ። ገሚሱ ሰው ዓሣ ሲያይ እባብ ያየ ያህል ፊቱን ያዞራል፤ ገሚሱ የጾም ነው የፍስክ እያለ ሲከራከር ይመሻል። ተከራክሮ ሲጨርስም ሳይገዛ ይሄዳል። ስለዚህ ደረቁ ዓሣ ከሥጋ ዋጋ አጠገብ አይደርስም፤ ባንቺም ልትጠይቀው ሄዳ ወንድሟ ካላስያዛት በቀር ቤቷ አታስገባውም ነበር።

አንዷለም ተከዜ ዳር ካለችው ከሰሃላ ልጅ አገባ፤ ፅዮንን። ፅዮን ዝምተኛ ናት። ባንቺ ጧት የጀመረችውን ወሬ ማታ ስትጨርስ ፅዮን አንድ ቃል ትመልሳለች፤ ያቺ አንዷ ቃል ግን የባንቺን የቀን ሥራ ታፈርሳለች። አማትና ምራት በዚህ ተዋደው ይኖሩ ነበር። ክረምቱ እንደወጣ አንዷለም እንደ እኩዮቹ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ተነሣ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቀው ከተነሣ በኋላ፣ በስልክ ነው። ጅቡቲ ደርሻለሁ፣ ዛሬ ነገ ባሕሩን እንሻገራለን አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ፅዮን ስለት ተሳለች። ድምፁን እስክትሰማ ድረስ ፍስክ ላትቀምስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል በአፏ ላታዞር። ቀጥሎ የገና ጾም ገባ፤ አገሩ ሁሉ ሲጾም የእሷ አልታየም። ባንቺ ግን ታያለች። ሆዷ ወደ ፊት ሲሄድ የቀረው አካሏ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብኩ» ትላለች።

ምስራቅ አንድ ቀን መጥታ የፅዮንን ክንድ በባለ ቀለም መለኪያ ጥብጣቧ ለካችው። ቀዩ ላይ ዋለ። ባንቺን ወደ ውጭ ጠራቻትና ያለ ቀልድ ነገረቻት። «እትዬ ባንቺ፣ ሕፃኑ እንደሚገባው እያደገ አይደለም። አሁን ገንቢ ምግብ ካላገኘች ሕፃኑም እሷም አደጋ ላይ ናቸው። እንቁላል ቢሆን፣ ወተት ቢሆን፣ ምንም ቢሆን ትብላ።»

ባንቺ ያላደረገችው የለም። ለመነች። ተቆጣች። የንስሐ አባታቸውን አባ በእውቀቱን አምጥታ «ነፍሰ ጡር ጾም አይጸናባትም» አስባለቻቸው። ፅዮን መስቀሉን ተሳለመችና «ጾሙን ትቼዋለሁ አባ፤ የያዝኩት ስለቱን ነው» አለች። አባም ባንቺን አዩ፣ ባንቺም አባን አየች።

ባንቺ ያን ሌሊት አልተኛችም። ልጅቷ የምትበላው ሁለት ጉርሻ ከሆነ ያቺው ሁለት ጉርሻ ትወፍር አለች። ሽሮው ቀድሞውንም ባቄላና ሽንብራ ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ይጨመርበታል? ከወንድሟ ቤት አምጥታ ጣራ ሥር የሰቀለችው ቆሮሶ የሚባለው ደረቅ ዓሣ ትዝ አላት። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በሙቀጫ ወቀጠችው፣ ነፋችው፣ ከሽሮው ዱቄት ጋር ደባለቀችው። ሽታውን እንዲያጠፋላት ነጭ ሽንኩርትና ኮሰረት ሳትቆጥብ ጨመረች። ለፅዮን ለብቻዋ ብትሠራላት ትጠረጥራለች፤ ስለዚህ ዓሣው ትልቁ ድስት ውስጥ ገባ። ያን ጾም ከባንቺ ቤት የበላ ሁሉ ሳያውቅ ዓሣ በላ ማለት ነው።

ግንበኞቹ ሽሮው ዘንድሮ ክፉኛ ጣፍጧል አሉ። ከሁሉ የባሱት አባ በእውቀቱ ናቸው። ቅዳሴ እንደወጣ መጥተው ጥግ ይይዛሉ። «ባንቺ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ በዚህ ጾም ጉልበቴ በረታ» ይሏታል ድስቱን እያዩ። እሷም «ጸሎትዎ ነው አባ» ትላለች፤ ዐይኗን በጨው አጥባ።

ፅዮንም ከሁለት ጉርሻ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ እፍኝ ሄደች። ባንቺ ምንም እንዳላየ ሆና ልቧ ይፈነጥዝ ነበር።

ጉዱ የፈላው ምንዋጋው የመጣ ዕለት ነው። ምንዋጋው ከተራራ ተራራ መጣራት የለመደ ሰው ነው፤ ጆሮ ሥር ሲያንሾካሹክ እንኳ መናኸሪያው ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። አባ ጥጋቸውን ይዘው ይበላሉ፣ ግንበኞቹ አግዳሚውን ሞልተውታል፣ ፅዮን ጓዳው በር ላይ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ምንዋጋው ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ጣለና «ባንቺ፣ ያለፈው ቆሮሶ አለቀ ወይ?» አለ። «ሽሮው ውስጥ ስትጨምሪው ይሸታል ብለሽ ልከሽብኝ ነበር፤ ይኼኛውን በደንብ አድርቄልሻለሁ።»

 ጉርሻ በአፍ ያለ ሰው ሁሉ እንደያዘው ቀረ። ባንቺ ወንድሟን በኽምጣኛ አንድ ነገር አለችው፤ ያለችው እዚህ አይጻፍም።

አባ በእውቀቱ እጃቸውን ከገበታው ሳያነሡ «ባንቺ» አሉ።

«አቤት አባ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጾሙ ከገባ ሰነባብቶ... እርስዎ ጉልበቴ በረታ ካሉበት ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።»

አባ ዐይናቸውን ጨፈኑ። የበሉትን ሁሉ በልባቸው ሲያስታውሱ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ዐይናቸውን ገለጡና «ቅርፊት ነበረው?» አሉ።

«ነበረው አባ፤ ቆሮሶ እኮ ነው። ቅርፊት የሌለው አምባዛ ቤቴ አይገባም።»

«ክንፍስ?»

«ክንፉም ቅርፊቱም የተሟላ ነበር። ከእኔ በላይ ጨዋ ዓሣ ነው።»

«እንግዲህ» አሉ አባ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «በዚህ ነገር ሊቃውንቱ ብዙ ተነጋግረውበታል። እኔም ብዙ አስቤበታለሁ።» ያሰቡበት አሁን፣ ዐይናቸውን በጨፈኑባት ጊዜ ነው። «ቅርፊት እስካለው ድረስ ለጾመኛ ይፈቀዳል የሚሉት ይበልጡብኛል።» ይህን ብለው ጉርሻቸውን ጠቅለል አደረጉ። ግንበኞቹ በአንድ አፍ «አሜን» አሉና ወደ ገበታቸው ተመለሱ።

ፅዮን ግን ሳህኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ተነሥታ አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች፣ ደግማ ተጉመጠመጠች፣ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። 

ከዚያ ቀን በኋላ ፅዮን ከባንቺ እጅ እህል አልቀመሰችም። ራሷ ገበያ ወጥታ የገዛችውን ገብስ ቆልታ፣ እሱኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየቆረጠመች ውሃ ትጠጣበታለች። ባንቺ አባ የፈረዱትን ብታስታውሳት ምራቷ አንዲት ቃሏን አወጣች።

«አባ የፈረዱት ለራሳቸው ነው እማ።»

«ታዲያ እኔስ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ስትከስሚ ልይሽ?»

«እርስዎ ለሆዴ አሰቡልኝ፤ አልቀየምኩም። ግን እሱ የት እንዳለ አላውቅም። ባሕር ላይ ይሁን፣ እስር ቤት ይሁን፣ አላውቅም። ልልክለት የምችለው ይችኑ ስለቴን ብቻ ነው። እርስዎ እሷን ወሰዱብኝ።»

 ባንቺ ልጅቷን ሳታስፈቅድ አፏ ውስጥ የማትፈልገውን ነገር ማስገባቷ ነውር እንደሆነ ገባት፤ አፈረችም። ፍርሃቷ ግን ከማፈሯ ይበልጥ ነበር። ልጇ ከእጇ ወጥቷል፤ አሁን ደግሞ የልጇ ልጅ ዐይኗ እያየ ሊሄድባት ነው። በበነጋው ነጠላዋን አጣፍታ አባ በእውቀቱን ከቤተ ክርስቲያን ይዛቸው መጣች፤ ፅዮን ፊት አስቀመጠቻቸው።

«አባ፣ ሰው ሲታመም ዘመዱ ንስሐውን ያግዘው የለም ወይ? ይሰግድለታል፣ ይጾምለታል።»

«ያግዘዋል» አሉ አባ፣ ወዴት እንደምትወስዳቸው እየጠረጠሩ።

«እንግዲያው የዚችን ልጅ ስለት ለእኔ ያዙሩልኝ። ልጁ የእኔ ነው፣ አሥር ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

«ዘጠኝ ወር ነው የሚባለው።»

«እሱ ሰነፍ ነበር፣ እንደ አባቱ።»

አባ ጢማቸውን ያዙ። ባንቺን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል፤ ዓርብና ረቡዕን የምታስታውሰው ደንበኛ ሲያስታውሳት ነው። ወደ ፅዮን ዞሩና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት። ፅዮን ወደ አማቷ ዞረች።

«ከልባቸው ከሆነ እሰጣለሁ» አለች። «ካሾፉበት ግን አልሰጥም።»

«ግድ የለም፣ አስሬ እይዛታለሁ» አሉ አባ። «ባንቺ፣ ድምፁ እስኪሰማ ፍስክ የለም።»

«የለም።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም።»

«የለም።»

«ዓሣም የለም።»

«ለጾመኛ ይፈቀዳል ብለው አልነበረም?»

«ለሌላው ይፈቀዳል። ላንቺ የለም። ስድብም የለም።»

ባንቺ ብድግ አለች። «አባ፣ እህሉን ተውኩ፣ ዓሣውን ተውኩ። ስድቡ ግን ሥራዬ ነው። ደንበኛ ይሸሸኛል።»

ፅዮን ሳቀች። ከክረምት ወዲህ በዚያ ቤት የተሰማ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አባም መስቀላቸውን አውጥተው ስለቱን በባንቺ አንገት ላይ አደረጉ፤ ለስድቡ ምንም ማሻሻያ አልተደረገም።

ፅዮን በማግስቱ ጧት ቁርሷን በላች። እንቁላል በላች፣ የባቄላ በቆልት በላች፣ ከዚያም ዞር ብላ «እማ፣ ያንን ቆሮሶ ይጥበሱልኝ» አለች። «ሰሃላ ጠብሰን ነበር የምንበላው። ሽሮ ውስጥ ሲገባ ይከረፋል።»

ባንቺ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። «ታውቂው ነበር እንዴ?»

«ሽሮዎን ስበላ አገሬ አፌ ላይ ይመጣብኝ ነበር። ናፍቆት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

የባንቺ ጾም መጀመሪያ ላይ ለሰፈሩ ትርዒት ነበር። ግንበኞቹ ሆን ብለው «ሽሮው ቀጥኗል፣ ባቄላ አልነካውም» እያሉ ይነካኳታል። እሷ ጥርሷን ነክሳ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ አወፍረዋለሁ» ትላለች። አንዱ ግንበኛ ከልቡ ደንግጦ፣ ሴትዮዋ ታማለች ብሎ ምስራቅን ሊጠራ ሄደ። ምስራቅ መጥታ የባንቺን ነገር ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች፤ መለኪያዋን አውጥታም የፅዮንን ክንድ ለካች። ቀዩን አልፎ ቢጫው ላይ ደርሷል። ገና ይቀራል አለች፤ ግን እየሄደ ነው።

ባንቺ ጾም ቀላል ይመስላት ነበር። ረሃቡን ታውቀዋለች፤ ዝቋላ ተወልዶ ረሃብ የማያውቅ የለም። ያላወቀችው ረሃቡ ይዞት የሚመጣውን ነው። ጠግባ ስትውል ዓሣ ስትወቅጥ፣ ሰው ስትሰድብ፣ ከደንበኛ ስትጣላ ቀኑ ያልፍላት ነበር። አሁን ስድስት ሰዓት ላይ፣ የራሷ ሽሮ እየተንፈቀፈቀ ሆዷ ሲጮህ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ትመጣባታለች። ብታባርራት ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ቀን ማማሰያውን አስቀምጣ ጓሮ ወጣች፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ ቁጭ አለች፣ አለቀሰች።

ፅዮን እፍኝ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠመች መጥታ አገኘቻት። አጠገቧ ሆዷን ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እማ፣ ራበዎት?»

«ራበኝ።»

«ምን እያሰቡ ነው?»

ባንቺ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሱስ በልቶ ይሆን እያልኩ ነው።»

«እኔም እሱን ነበር የማስበው» አለች ፅዮን። «ሁልጊዜ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

 ከውስጥ ግንበኞቹ ሽሮ ጨምሩልን እያሉ ይጣራሉ፤ የመለሰላቸው የለም። ባንቺ የምራቷን መንጋጋ ብቻ ትሰማለች። ፅዮን ባቄላዋን መቆርጠም አላቋረጠችም፤ ባንቺም እንድታቋርጥ አልፈለገችም።